20 ሳንቲ ሜትር ምን ያህል ለውጥ ያመጣል? የባሕር ከፍታ መጨመርና በማዕበል የሚሸረሸር ዳርቻ

መምህርት ከሽምብጥ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። በባሕር ዳር ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ስለ ባሕር ጠረፍ መሸርሸር ስንማማር አንድ ተማሪዬ ያነሣው ጥያቄ ከክፍለ ጊዜው በላይ ሰፊ ሆኖ ስላገኘሁት፣ ውሃን የሚያውቁ ሰዎች ወዳሉበት ወደዚህ መድረክ አምጥቼዋለሁ።

ጥያቄው እንዲህ ነው። የዓለም ባሕሮች አማካይ ከፍታ እ.ኤ.አ. ከ1901 እስከ 2018 ባለው ጊዜ የጨመረው ወደ 20 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ኃይለኛ አውሎ ነፋስ ግን በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ብቻ የባሕሩን ውሃ ሁለትና ሦስት ሜትር ከፍ አድርጎ በጠረፉ ላይ ይጥለዋል። ጥፋቱን የሚያደርሰው አውሎ ነፋሱ ከሆነ፣ ከመቶ ዓመት በላይ ተጠራቅሞ አንድ ስንዝር ያልሞላ ጭማሪ ምን ያህል ሊያባብሰው ይችላል? ተማሪዬ ጨምሮም፣ «ጣና በየዓመቱ ከክረምት በፊትና በኋላ ከዚያ በብዙ እጥፍ ይወጣል፣ ይወርዳል፤ ዳሩ ግን እስካሁን በቦታው አለ» ብሏል። በቁጥር የተደገፈ ማብራሪያ ያላችሁ ብትረዱኝ ለተማሪዎቼ ትልቅ ነገር ነው።

የውሃ መሐንዲስ ከፖሊ ግቢ

መምህርት፣ የተማሪዎ ጥያቄ የጉዳዩን ልብ የነካ ስለሆነ በዝርዝር መመለስ ይገባዋል።

ሞገድ ከጥልቅ ውሃ ተነሥቶ ወደ ዳር ሲጠጋ ጥልቀቱ እያነሰ ስለሚሄድ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ቁመቱ ይረዝማል፣ በመጨረሻም ይሰበራል። የሚሰበረውም በግምት ቁመቱ የውሃውን ጥልቀት 0.78 እጅ ያህል ሲሆን ነው። ይህ ማለት በውጭ ያለው ሞገድ አምስት ሜትርም ይሁን ስምንት፣ ከዳርቻው ጀርባ ካለው የአሸዋ ክምር ግርጌ የሚደርሰው በዚያ ቦታ ያለው ጥልቀት የፈቀደለት ብቻ ነው፤ የተረፈው ጉልበት እመንገድ ላይ በአረፋና በሁከት አልቋል።

አሁን ቁጥር እናስገባ። አውሎ ነፋሱ በበረታበት ሰዓት ከአሸዋው ክምር ግርጌ ያለው ጥልቀት 50 ሳንቲ ሜትር ነው እንበል። እዚያ ሊደርስ የሚችለው ትልቁ ሞገድ 39 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። የባሕሩ መነሻ ከፍታ በ20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ቢሆን ኖሮ ግን ያው አውሎ ነፋስ በዚያው ቦታ 70 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ይፈጥራል፤ የሞገዱም ልክ ወደ 55 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። የሞገድ ጉልበት የሚያድገው በቁመቱ ካሬ ስለሆነ፣ 39 ወደ 55 ሲሄድ በአሸዋው ላይ የሚያርፈው ጉልበት ወደ ሁለት እጥፍ ይጠጋል። አውሎ ነፋሱ በምንም አልበረታም፤ የተለወጠው ውሃው የተነሣበት ከፍታ ብቻ ነው። ተማሪው 20ን ከ300 ጋር ስላነጻጸረው ትንሽ መሰለው። መነጻጸር ያለበት ግን በግርጌው ላይ ካለው ጥልቀት ጋር ነው።

ሁለተኛው ነገር ጊዜ ነው። አውሎ ነፋስ የሚያመጣው ሙላት ቀስ እያለ ይወጣል፣ ከጫፉ ይደርሳል፣ ከዚያም ይወርዳል። ቀድሞ የአሸዋውን ግርጌ የሚነካው ሙላቱ ከጫፉ በደረሰባት አጭር ሰዓት ብቻ ከነበረ፣ መነሻው ከፍ ሲል ከዚያ በፊትና በኋላ ባሉት ሰዓታትም ይነካዋል። አሸዋ የሚሄደው በእያንዳንዱ ሞገድ ጥቂት በጥቂት ስለሆነ የሰዓቱ መርዘም የሚያስከትለው ጉዳት ከቁመቱ አያንስም።

ሦስተኛው ድግግሞሽ ነው፤ ለእኔ ከሁሉም የከፋው ይኸኛው ነው። ቀድሞ ከግርጌው መድረስ ይሳናቸው የነበሩ መካከለኛ አውሎ ነፋሶች አሁን ይደርሳሉ፤ መካከለኛዎቹ ደግሞ ከኃይለኞቹ እጅግ ይበዛሉ። የአየር ንብረት ለውጥ በይነ መንግሥታት ፓናል በስድስተኛው የግምገማ ሪፖርቱ፣ ቀድሞ በመቶ ዓመት አንዴ ይከሰት የነበረ የባሕር ከፍታ እ.ኤ.አ. እስከ 2100 የውሃ ከፍታ ከሚለካባቸው ጣቢያዎች ከግማሽ በሚበልጡት ላይ በየዓመቱ ሊከሰት እንደሚችል አስቀምጧል። ጭማሪው ራሱም እየፈጠነ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1901 እስከ 1971 በዓመት 1.3 ሚሊ ሜትር የነበረው ከ2006 እስከ 2018 ባለው ጊዜ ወደ 3.7 ሚሊ ሜትር ደርሷል።

ጀልባ ነጂ ከዘጌ

መሐንዲሱ በቁጥር ያስቀመጡትን እኛ በዓይናችን የምናየው ስለሆነ ልጨምርበት። ከወጣትነቴ ጀምሮ የኖርሁት በጣና ላይ ጀልባ እየነዳሁ ነው።

የጣና ነፋስ ጠባዩ ይታወቃል፤ ማለዳ ላይ ውሃው ጸጥ ይላል፣ ከቀትር በኋላ ነፋሱ ይነሣና ሞገዱ ይበረታል። ይህ በበጋም በክረምትም ያለ ነው። ነገር ግን ያው ነፋስ በግንቦት የሚያደርገውና በመስከረም የሚያደርገው ፈጽሞ አይገናኝም። በግንቦት ሐይቁ ስለሸሸ ሞገዱ ከዳሩ ርቆ በጭቃው ላይ ይሰበራል፤ ጉልበቱን እዚያው ጨርሶ ስስ ውሃ ብቻ ወደ ዳር ይልካል። በመስከረም ግን ውሃው ከመሬቱ ጋር እኩል ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፣ ሞገዱ ሳይሰበር መጥቶ በቀጥታ ከዳሩ ግርጌ ይመታል።

የሚበላውም ላዩን አይደለም፣ ሥሩን ነው። ላዩን ሣሩና የዛፉ ሥር ይዘውት ይቆያሉ፤ ከበታቹ ግን ክንድ ሙሉ የሚያስገባ ጎድጓዳ ይቦረቦራል። ከጀልባ ላይ ሆኖ ለሚያይ ሰው የሣሩ ሥር እንደ ጭራ ተንጠልጥሎ፣ ከጀርባው ጨለማ ሆኖ ይታያል። እንዲያ ለቀናት ይቆይና ነፋስ በሌለበት ማለዳ ተገምሶ ይወድቃል፤ ሰውም «ያለ ነፋስ ተናደ» ይላል። የናደው ግን ቀደም ሲል የነፈሰው ነፋስ ነው። ስለዚህ ለልጁ የምመልስለት፣ ዳሩ በቦታው ያለ የሚመስለው ከሩቅ ለሚያይ ሰው ነው።

የውሃ መሐንዲስ ከፖሊ ግቢ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። እርስዎ የነገሩን ከማንኛውም ሥዕል የተሻለ ማስተማሪያ ነው። ነፋሱ አንድ፣ ዳሩ አንድ፣ የተለየው የውሃው ከፍታ ብቻ፤ ውጤቱ ግን ሌላ።

መምህርት ለተማሪዎቹ ሊነግሯቸው የሚገባ አንድ መሠረታዊ ልዩነት አለ። ጣና በዓመት ውስጥ ወደ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ግልገል አባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ የሚያመጡት የክረምት ውሃ ይሞላዋል፣ በበጋ ደግሞ ትነትና ወደ አባይ የሚወጣው ውሃ ያጎድሉታል። መውጫው ላይም እ.ኤ.አ. በ1996 የተሠራው የጨራጨራ ግድብ ስላለ ከፍታው በሰው እጅ ጭምር ይመጠናል። ስለዚህ ዳሩ በየዓመቱ ለወራት ከሞገድ ዱላ ያርፋል። ባሕር መውጫ የለውም፤ የሞቀው ውሃ በይዘቱ ስለሚሰፋና ከየብስ የሚቀልጠው በረዶ ስለሚጨመርበት የወጣው ከፍታ አይወርድም። እንግዲህ የጣና ዳር በመስከረም የሚሆነውን፣ ግንቦት የማይመጣለት ዳርቻ ምን እንደሚሆን ተማሪዎቹ ራሳቸው ሊያስቡት ይችላሉ።

ነዋሪ ከጎርጎራ

ውይይቱን በአክብሮት ተከታትያለሁ፤ ሆኖም ሁሉን ነገር በባሕር ከፍታ ላይ መጫን ተገቢ አይመስለኝም። ብዙ ጠረፎች የተሸረሸሩት አሸዋ ስለቀረባቸው ነው። ከእኛ ተራሮች ታጥቦ በአባይ የሚወርደው ደለል ነበር የግብፅን ዴልታ ሲገነባ የኖረው። የአስዋን ከፍተኛ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1970 ከተጠናቀቀ ወዲህ ደለሉ ከግድቡ ኋላ ቀረ፤ የአባይ ምዕራባዊ ቅርንጫፍ ከባሕር በሚገናኝበት በሮዜታ በኩል ያለውን የዴልታውን አፍንጫም ባሕሩ በላው። ይህ የሆነው ባሕሩ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ስለጨመረ ነው ወይስ ደለሉ ስለተቋረጠ?

የውሃ መሐንዲስ ከፖሊ ግቢ

ወንድሜ፣ በሮዜታ ጉዳይ ዋናው ምክንያት የደለሉ መቋረጥ መሆኑን አልክድም፤ በአንዳንድ ዓመታት ዳርቻው ከ100 ሜትር በላይ ያፈገፈገው በዚያ ምክንያት ነው። ነገር ግን ሁለቱ ምክንያቶች በአንድ ሒሳብ ውስጥ ስለሚገቡ አንዱን ከሌላው መነጠል አይቻልም፤ ይህን ላብራራ።

ጤነኛ የአሸዋ ዳርቻ በአውሎ ነፋስ ጊዜ አሸዋውን አይጥልም፣ ያበድራል። ኃይለኛው ሞገድ ከክምሩ የወሰደውን አሸዋ ጥቂት ወደ ውስጥ ወስዶ በውሃ ሥር እንደ ግድግዳ ያስቀምጠዋል፤ ያ ግድግዳ ደግሞ ቀጣዮቹን ሞገዶች ከዳር ሳይደርሱ ይሰብራቸዋል። አየሩ ሲረጋ ለስላሳ ሞገዶች አሸዋውን በሳምንታትና በወራት ውስጥ መልሰው ያመጡታል። ዳርቻ ከአውሎ ነፋስ የሚያገግመው በዚህ መንገድ ነው።

የባሕሩ ከፍታ ሲጨምር ይህ ብድር ሙሉ በሙሉ አይመለስም። የዳርቻው ተዳፋት ከአዲሱ የባሕር ከፍታ ጋር እንዲመጣጠን በውሃው ሥር ያለው መሬትም ከፍ ማለት ስላለበት፣ ከወጣው አሸዋ ከፊሉ እዚያው በጥልቁ ይቀራል። ዴንማርካዊው መሐንዲስ ፔር ብሩን እ.ኤ.አ. በ1962 ይህን ወደ ቀመር ለውጦታል፤ በቀመሩ መሠረት ረጋ ባለ ተዳፋት አሸዋማ ዳርቻ ላይ ባሕሩ አንድ ሜትር ሲጨምር ዳርቻው ከ50 እስከ 100 ሜትር ሊያፈገፍግ ይችላል። ቀመሩ በአለታማ ዳርቻ አይሠራም፣ አሸዋ ከጎን የሚመጣበትንና የሚሄድበትን ቦታ አይመለከትም፤ ለዚህም ብዙ ባለሙያዎች ይተቹታል፣ ትችቱም ትክክል ነው። አቅጣጫውን ግን በደንብ ያሳያል።

ስለዚህ ወንዝ በቂ ደለል የሚያመጣለት ዳርቻ ብድሩን ከሌላ ቦታ ይሞላዋል፤ ደለሉ የተቋረጠበት ዳርቻ ግን ባዶ እጁን ከፍ እያለ ከሚሄድ ባሕር ጋር ይገጥማል። የናይል ዴልታ ችግር ሁለቱም በአንድነት የወደቁበት መሆኑ ነው።

መርከበኛ ከአባይ ማዶ

የባሕር ዳር ልጅ ነኝ፤ በባቦጋያ ሠልጥኜ በንግድ መርከብ ላይ እሠራለሁ። ካየኋቸው ወደቦች መካከል ለዚህ ጉዳይ የሚሆነው ሮተርዳም ነው።

ኔዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ1953 በየካቲት መባቻ ከሰሜን ባሕር በመጣ የማዕበል ሙላት 1,836 ሰው አጥታለች። ከዚያ በኋላ ከሠሯቸው መከላከያዎች የመጨረሻው ትልቅ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1997 የተጠናቀቀው በሮተርዳም መግቢያ ያለው መዝጊያ ነው። እያንዳንዳቸው 210 ሜትር የሚረዝሙ ሁለት ክንፎች አሉት፤ በአዘቦት ቀን በግራና በቀኝ ባሉ መትከያዎች ውስጥ ያርፋሉ፣ መርከቦችም በመካከላቸው ያልፋሉ። ውሃው ከመደበኛው መለኪያ ሦስት ሜትር በላይ እንደሚደርስ ሲተነበይ በኮምፒውተር ትእዛዝ ተንሳፍፈው ይዘጋሉ፣ ውሃ ሞልቷቸውም ወደ ወለሉ ይሰምጣሉ። በትንበያ ምክንያት በራሱ ለመጀመሪያ ጊዜ የተዘጋው በታኅሣሥ 2023 እ.ኤ.አ. ነው።

ለመርከበኛ ትርጉሙ ግልጽ ነው። የመዝጊያው ልክ ሦስት ሜትር ሆኖ ቢቆይ፣ ባሕሩ በጨመረ ቁጥር ያንን ልክ ለመድረስ አነስተኛ አውሎ ነፋስ ይበቃል፤ መዝጊያው ቶሎ ቶሎ ይዘጋል፣ መርከብም ከውጭ ይጠብቃል። ቀድሞ ለብርቱ ማዕበል የተሠራ በር ለመካከለኛውም ያስፈልጋል ማለት ነው፤ መሐንዲሱ ስለ ድግግሞሽ የጻፉትን በዓይኔ ያየሁት በዚያ ነው።

ሁሉም አገር ግን እንዲህ ያለ መዝጊያ መሥራት አይችልም። በሴኔጋል የሳን ሉዊ ከተማን ከአትላንቲክ የሚለያት ቀጭን የአሸዋ ልሳን ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ከተማዋን ከወንዝ ጎርፍ ለማዳን በልሳኑ ላይ አራት ሜትር ስፋት ያለው ቦይ ተቆረጠ፤ ሞገዱ ቦዩን እየበላ በኪሎ ሜትር የሚለካ መግቢያ አደረገው፣ በአካባቢው የነበሩ የዓሣ አጥማጆች መንደሮችም ጠፉ። ቦዩን የቆረጠው ሰው ነው፤ ነገር ግን ቀጭን የአሸዋ ልሳን ከፍ እያለ ከሚሄድ ባሕር ፊት ምን ያህል ስሕተትን የማይሸከም መሆኑን ያሳያል።

መምህርት ከሽምብጥ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሁለት ነገር ልጨምር። ተማሪዎቼ አውሎ ነፋሶቹ ራሳቸው እየበረቱ ነው ወይ ማለታቸው አይቀርም። ደግሞም ሐይቁ ዳር የድንጋይ ግንብ መሥራት መፍትሔ ይሆናል የሚል ሐሳብ በከተማችን ደጋግሜ እሰማለሁ፤ በባሕር ጠረፍ ይህ እንዴት ይታያል?

የውሃ መሐንዲስ ከፖሊ ግቢ

የመጀመሪያውን ባጭሩ ልመልስ። የባሕሩ የላይኛው ውሃ ሲሞቅ ለሐሩር አውሎ ነፋሶች የሚሰጠው ጉልበት ስለሚጨምር፣ ከጠቅላላው ውስጥ የብርቱዎቹ ድርሻ ከፍ እንደሚል ይጠበቃል። ነገር ግን ተማሪዎቹ ሁለቱን እንዳያቀላቅሉ አደራ፤ አውሎ ነፋሶች ባሉበት ቢቀሩ እንኳ ከላይ የቆጠርነው ሁሉ ይሆናል።

ስለ ግንቡ ግን ሰፋ አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ፤ ያሳስበኛልና። ቀጥ ብሎ የቆመ ግንብ የሞገዱን ጉልበት አይውጠውም፣ ይመልሰዋል። የተመለሰው ሞገድ ከግንቡ ፊት ያለውን አሸዋ ወይም አፈር ይቆፍራል፤ የግንቡ ግርጌ ይጠልቃል፣ ጥልቀቱ ሲጨምርም ቀጣዩ ሞገድ ይበልጥ ትልቅ ሆኖ ይደርሳል። ይህ በመጀመሪያው መልሴ የጠቀስሁት ሒሳብ ነው፤ ልዩነቱ እዚህ ላይ ጥልቀቱን የጨመርነው እኛ ራሳችን መሆናችን ነው። ከዚህም በላይ ባሕር ሲጨምር ዳርቻ በተፈጥሮው ወደ የብስ ያፈገፍጋል እንጂ አይጠፋም። ከኋላው ግንብ ካለ ግን ማፈግፈጊያ የለውም፤ ከፊት ባሕሩ፣ ከኋላ ድንጋዩ ይዘው ያጠቡታል። የሰው ሕይወትና ከተማ ያለበት ቦታ ግንብ ሊያስፈልግ ይችላል፤ ሲሠራ ግን ከፊቱ ያለው ዳርቻ እንደሚከፍል ታውቆ መሆን አለበት። በአሜሪካ ኬፕ ሃተራስ ባሕሩ የተጠጋውን የመብራት ማማ በግንብ ከማጠር ይልቅ እ.ኤ.አ. በ1999 ማማውን እንዳለ አንሥተው ወደ 880 ሜትር ያህል ወደ የብስ ወስደውታል።

ሐይቅ ነው ብለን እንዳንዘናጋም እፈልጋለሁ። ጥልቀት በሌለው ሐይቅ ላይ የሚነፍስ ብርቱ ነፋስ ውሃውን ወደ አንድ ወገን ገፍቶ ይቆልለዋል፤ በፍሎሪዳ የኦኪቾቢ ሐይቅ እ.ኤ.አ. በ1928 በአውሎ ነፋስ ተገፍቶ የአፈር ግድቡን ጥሶ ከ2,500 ያላነሱ ሰዎችን ገድሏል። ጣና የዚያን ዓይነት የሐሩር አውሎ ነፋስ አያገኘውም፤ ነገር ግን አማካይ ጥልቀቱ ከዘጠኝ ሜትር የማይበልጥ ሰፊ ሐይቅ ስለሆነ ነፋስ ውሃውን ወደ አንድ ዳር መግፋቱ በእሱም ላይ የሚሠራ ሕግ ነው።

ጀልባ ነጂ ከዘጌ

ስለ ግንቡ የተባለው እውነት ነው። እኔ የምጨምረው ደንገል ነው። ደንገል ጥቅጥቅ ብሎ በበቀለበት ዳር ከቀትር በኋላ ነፋሱ ቢበረታ እንኳ ሞገዱ በግንዶቹ መካከል ሲገባ ይደክማል፤ ከደንገሉ ጀርባ ያለው ውሃ የሚወዛወዝ እንጂ የሚመታ አይደለም። ታንኳ የሚሠሩ ወይጦዎች ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል። ደንገሉ ተመንጥሮ መሬቱ ለእርሻ ወይም ለቤት የተወሰደበት ቦታ ግን ከላይ የነገርኋችሁ መቦርቦር ይጀምራል።

መርከበኛ ከአባይ ማዶ

በሐሩር ባሕሮች ዳር ይህን ሥራ የሚሠራው በጨዋማ ውሃ ውስጥ የሚበቅለው ማንግሮቭ የተባለ ዛፍ ነው፤ ሥሩ ሞገድ ያደክማል፣ ደለልም ይይዛል። ደለሉ ሲጠራቀም መሬቱ ከባሕሩ ጋር አብሮ ከፍ ሊል ይችላል፤ ግንብ ይህን አያደርግም።

የውሃ መሐንዲስ ከፖሊ ግቢ

መምህርት፣ ተማሪዎቹ ሊሠሩት የሚችሉት ቀላል ልኬት አለ። ደንገል ያለበትንና የሌለበትን ሁለት ዳር ይምረጡ። በእያንዳንዱ ላይ ከዳሩ ጫፍ አምስትና አሥር ሜትር ወደ የብስ ገባ ብለው የብረት ካስማ ይትከሉ፤ በየወሩ ከካስማው እስከ መሬቱ ጫፍ ያለውን ርቀት በሜትር ይለኩ። እባክዎ ከካስማው እስከ ውሃው አይለኩ፤ ውሃው ከፍ ዝቅ ስለሚል የሚያሳየው የሐይቁን ሙላት እንጂ የመሬቱን መቆረጥ አይደለም። በዚያው ቀን የውሃውን ከፍታ ቁጥር በተጻፈበት ቋሚ እንጨት ላይ ያንብቡ። ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ያለው ከየካቲት እስከ ግንቦት ካለው ጋር ሲነጻጸር፣ የተማሪው ጥያቄ በራሱ እጅ ይመለሳል።

መምህርት ከሽምብጥ

ይህን በእርግጥ እናደርገዋለን፤ ክረምቱ ሳይገባ በግንቦት ካስማዎቹን እንተክላለን። ጋሼ፣ ቦታ በመምረጥ ቢረዱን?

ጀልባ ነጂ ከዘጌ

በደስታ፣ ልጄ። በማለዳ ኑ፣ ከቀትር በኋላ ልጆች ይዞ ጀልባ ላይ መውጣት አይገባም። ወደ አባይ መውጫው በኩል ካሰባችሁ ደግሞ አስቀድማችሁ ንገሩኝ፤ ጉማሬ ለግጦሽ የሚወጣበትን መንገድ ስለማውቅ ካስማው የሚረገጥበት ቦታ እንዳይተከል አሳያችኋለሁ።